ቀዳዳ ሸክላ ለአባቴ ወይራ

አባቴ ከከላላ ገጠር ወደ እኔ ወደ መካነ ሰላም የመጡት በበቅሎ ነው፤ በአንድ እጃቸው ልጓም፣ በሌላው የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ይዘው። አንድ አዛውንት ቤታቸውን ዘግተው ልጃቸው ዘንድ ሲመጡ ማር ወይም ቅቤ ይይዛሉ ብዬ ስለጠበቅሁ ቆርቆሮውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ከበደኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ አፈር ነው። ከአፈሩ መሃል ቁመቷ ክንድ የማትሞላ፣ ግንዷ ግን እንደ እጄ አንጓ የወፈረ፣ የተጣመመች ወይራ ቁጭ ብላለች።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት አባ?»

«እኩያዬ ናት» አሉና ከበቅሎዋ ለመውረድ ትከሻዬን ያዙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአባቴ ቤት በላይ ካለው ገደል አፋፍ ላይ፣ እሳቸው ልጅ ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ ይህች ወይራ ነበረች። ቅጠል ባወጣች ቁጥር ፍየል ይቀረጥፋታል፤ ደግሞ ታወጣለች፤ ደግሞ ይቀረጥፋታል። ከፍየል ጋር እንዲህ ስትጨቃጨቅ ኖራ፣ ቁመቱን ትታ በውፍረት ብቻ አረጀች። አባቴ ከቤታቸው ዕቃ ሁሉ መርጠው፣ የወንድማቸውን ልጆች አስቆፍረው ያመጡት እሷን ነው። የእናቴን ሳጥን እንኳ ትተው።

ከተማ እንዲመጡ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። እናቴ ካረፈች በኋላ ብቻቸውን ነበሩ፤ ጉልበታቸው ደግሞ አልታዘዝ ብሏቸዋል። ባለፈው ክረምት ከእርከን ላይ ወድቀው ጎረቤት ከገበያ እስኪመለስ ጭቃ ላይ ተኝተው ውለዋል። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ዓይኔ ወደ ከላላ ነበር። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ ባል ፈትቻለሁ፤ ልጅ የለኝም፤ ሁለት ክፍል ተከራይቻለሁ። አንደኛው ክፍል የሚጠብቀው እሳቸውን ነበር።

ሻይ ጠጥተው ሲያበቁ ውሳኔያቸውን ነገሩኝ። አባቴ ውሳኔ ሲናገሩ ሁልጊዜ ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ ይመታሉ።

«ስሚ ልጄ። ይቺ ወይራ እዚህ አፈር ላይ ከጸደቀች እኔም እቀመጣለሁ። ከደረቀች ግን ዱዓ አድርጌልሽ ወደ አገሬ ነኝ። በቅሎይቱም እስኪለይልን እዚሁ ትቆይ።»

«አባ፣ ዛፍ እኮ ነው!»

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

ከአባቴ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም፤ ሽማግሌ ሆነው ከሚያስታርቋቸው ሰዎች አብዛኞቹ የሚታረቁት ሰልችቷቸው ይመስለኛል። በቅሎዋ በአከራዬ ግቢ ታሰረች። ኮርቻው በእኔ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ፊት ለፊቴ ነው፤ ማስታወሻ አያስፈልገኝም ነበር።

አሁን ስለ ቀን መቁጠሪያው ልንገራችሁ። በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ አንድ የጃፓን የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ነበር፤ ማን እንዳመጣው አይታወቅም። ቀኑ የፈረንጅ፣ ዓመቱ ያለፈበት ስለሆነ ማንም ቀን ቆጥሮበት አያውቅም። ያልወረደው ከኋላው ያለው ግድግዳ ስለተቦረቦረ ነው። በየወሩ ገጽ ላይ አንድ ትንሽ ዛፍ በሸክላ ሆና ፎቶ ተነስታለች፤ ከሥሯ ደግሞ በእንግሊዝኛ ደቃቅ ጽሑፍ አለ። ለዓመታት ሻይ እየጠጣሁ ሳፈጥበት አንድም ቀን አላየሁትም ነበር። አባቴ በመጡ ማግስት ክፍሉ ውስጥ ስገባ ግን ከግድግዳው ላይ የአባቴ ወይራ አየችኝ። አገሯ ሌላ፣ ዘመዷ ግን ያው፦ አጭር፣ ወፍራም፣ ጠማማ። ከሥሯ «ቦንሳይ» ይላል።

ቀን መቁጠሪያውን አውርጄ (ግድግዳው ያን ዕለት ለመላው መምህራን ተጋለጠ) ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። የገባኝ ይህ ነው፦ እንዲህ ያለች ዛፍ ቆርቆሮ ውስጥ አትኖርም። ሸክላ ትፈልጋለች። ሸክላው ዝርግ ይሁን፤ ጥልቀቱ ከግንዷ ውፍረት ብዙ አይብለጥ። ቀለሙ አይጩህ፤ ዓይን መጀመሪያ ወደ ዛፏ እንጂ ወደ ዕቃው አይሂድ። ያረጀ ሸክላ ከአዲስ ይመረጣል። ከሁሉም በላይ ግን ታቹ ይበሳ፤ ውሃ ሥሯ ላይ ካቆረ ትታፈናለች።

ቀላል ነው ብዬ በገበያ ቀን ወጣሁ። የሸክላ ሠሪዎቹ ቦታ ከገበያው ጫፍ፣ ከእህል ተራው በታች ነው። ምጣዱን አየሁ፤ በጣም ዝርግ ነው፣ አፈር አይዝም። ድስቱን አየሁ፤ ሆዱ ወደ ውጭ የተነፋ፣ አፉ የጠበበ፣ ሥር ከገባበት የማይወጣበት። ማሰሮውንማ ተዉት። እያገላበጥኩ፣ እያንኳኳሁ፣ በስንዝር እየለካሁ ስዞር የሸክላ ሠሪዎቹ ዓይን እኔ ላይ አረፈ። ድስት በስንዝር የሚለካ ገዢ አይተው አያውቁም።

በመጨረሻ አንዲት ጠና ያለች፣ ሸክላዋ ከሁሉም ስስና ጥሩ ድምፅ ያለው ሴት ፊት ተቀመጥኩ። የምፈልገውን በጣቴ መሬት ላይ ሣልኩላት። ሞላላ፣ ዝርግ፣ ጉልቻ የመሰሉ አጫጭር እግሮችና ሁለት ጆሮ ያሉት። እስከዚህ ድረስ ተስማማን።

«ታችዋን ደግሞ ይበሱልኛል» አልኩ።

«ምኗን?»

«ታችዋን፤ ሁለት ቦታ። ውሃው እንዲወርድ።»

ሴትዮዋ ግራና ቀኝ ጎረቤቶቿን አየት አየት አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የኔ እህት፣ ሸክላ የሚሠራው ውሃው እንዳይወርድ አይደለም ወይ?»

ስለ ሥር፣ ስለ አየር፣ ስለ ጃፓን አስረዳሁ። ክፍል ውስጥ ይህን ያህል ደክሜ አላውቅም። በትዕግሥት ሰማችኝና የሚያስጨንቃት ሌላ ነገር መሆኑን ነገረችኝ። «ወላሂ መብሳቱ አያቅተኝም። ግን ነገ አንድ ሰው ቤትሽ ገብቶ ‹ይህን የሚያፈስ ዕቃ ማን ሠራው?› ቢልሽ ምን ልትይ ነው? እኔ ከዚህ ገበያ ዕቃዬ አፈሰሰ ተብሎ አያውቅም። እናቴም አልተባለች።»

«ስምዎን አልናገርም።»

«ማዪልኝ!»

ማልኩ። ለሸክላ ምሥጢር ስምል የመጀመሪያዬ ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ ዕቃዬን በጆንያ ጠቅልላ፣ ከሌሎቹ ሸክላዎች ኋላ ሸሽጋ ጠበቀችኝ። እንዳልከፍተው በዓይኗ አስጠነቀቀችኝ። ቤት ደርሼ ስፈታው እንደ ልቤ ሆኖ አገኘሁት። ሞላላነቱ፣ እግሮቹ፣ ታቹ ላይ ሁለት ንጹሕ ቀዳዳዎች። ግን ከላዩ ላይ አንድ ያላዘዝኩት ነገር ነበር፤ ቆንጆ፣ እጀታው የተሸለመ፣ ልክክ የሚል ክዳን። ቀዳዳውን በስንት ልመና ብትበሳልኝም፣ ያለ ክዳን ዕቃ ማውጣቱን ግን እጇ አልፈቀደላትም። አባቴ ክዳኑን አንስተው ቀዳዳውን፣ ቀዳዳውን አይተው ክዳኑን ደጋግመው ተመለከቱና «ታች ያፈሰሰውን ከላይ ትጠብቂበታለሽ» አሉኝ። ክዳኑን ለአከራዬ ዶሮዎች ውሃ ማጠጫ አደረግሁት።

የቀረኝ ማስረጀት ነው። አዲስ ሸክላ ቀይ ነው፤ ከዚያች ሽበታም ወይራ ጋር ሲቆም አዲስ ጫማ ያደረገ ገበሬ ይመስላል። ቀን መቁጠሪያው «ጊዜ ያሳምረዋል» ይላል፤ እኔ ግን ጊዜ የለኝም፤ በቅሎይቱ ድርቆሽ እየፈጀች ነው። ስለዚህ በራሴ መላ ሸክላውን አሬራ ቀብቼ ጥላ ሥር አስቀመጥኩት፤ ሻጋታ ይዞ ሽበት እንዲያወጣ። የአከራዬ ዶሮዎች መጥተው አሬራውን አንድም ሳያስተርፉ ለቃቀሙት። ድጋሚ ቀባሁና ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት፤ ድመቷ ወጣችበት። ቀጥሎ የከሰል ድቃቂ በኑግ ዘይት ለውሼ አሸሁት፤ ለእጄና ለቀሚሴ ጥሩ እርጅና ሰጣቸው፤ ሸክላው ግን አንድ ዝናብ ሲመታው እንደ ድሮው ቀላ።

አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይህን ሁሉ ያዩ ነበር። «ተይው ልጄ፤ ሸክላም ሰውም ሳይታሰብ ነው የሚያረጀው። ቸኩሎ ያረጀ ነገር ደግሞ ይሸታል» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አሬራው መሽተት ጀምሯል።

ክረምት ሲገባ ወይራዋን ከቆርቆሮ አውጥተን፣ ረጃጅም ሥሮቿን ቆርጠን፣ እዚያው ቀይ ሸክላ ውስጥ ተከልናት። ጠጠር ከሥር፣ ከተረፈው ከሰል ጋር የተደባለቀ አፈር ከላይ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ወጣ አድርገን አስቀመጥናት። አባቴ ቢስሚላህ ብለው የመጀመሪያውን ውሃ አፈሰሱ፤ ውሃው በቀዳዳዎቹ ጠብ ጠብ አለ። ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ። ከኋላዬ የቆመችው አከራዬ ግን በሐዘን ራሷን ነቀነቀች።

አከራዬን ሳላስተዋውቃችሁ ማለፍ አልችልም። ደግ ክርስቲያን ናት፤ ከእኛ ጋር ኖራ መሐላዋ እንኳ ወላሂ ሆኗል፤ ደግነቷ ግን ማንኳኳት አያውቅም። ልብሴ ዝናብ ሊመታው ሲል ታነሳዋለች፤ ወጤ ሊያር ሲል ታወርደዋለች፤ አባቴ ሳል ሲይዛቸው እኔ ሳልሰማ ጤና አዳም ይዛ ገብታለች። በረመዳን ማፍጠሪያ ሾርባ ከእኔ ቀድማ የምታስታውሰው እሷ ናት። በዚህ ሁሉ ታመሰግኑኛላችሁ ብላ አታስብም፤ ሰው ማመስገን ቢጀምር ታፍራለች።

ሐምሌ ሲጋመስ ወይራዋ ቢጫ ሆነች። መጀመሪያ ከታች አንድ ቅርንጫፍ፣ ቀጥሎ ሌላው። ቅጠሎቿ በነካኋቸው ቁጥር መርገፍ ጀመሩ። ውሃ ቀነስኩ፤ ዝናቡ ግን እኔን አልጠየቀም። ጣሪያ ሥር አስገባኋት፤ አልተሻላትም። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ከጧት እስከ ማታ እሷን ሳይ እውላለሁ። አባቴ የረገፉትን ቅጠሎች በየጧቱ ይለቅማሉ። አንድ ቀን ጧት ግን ኮርቻውን ከግድግዳ አውርደው ጭናቸው ላይ አድርገው ጠፍሩን ሞራ ሲቀቡ አገኘኋቸው።

«ምነው አባ፣ ኸይር ነው?»

«ኸይር ነው። ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ብዬ ነው።»

ሊያሳዝኑኝ ስላልፈለጉ ነው ለመሄድ መሰናዳታቸውን ያልተናገሩት። እኔም እንዳላየ ሰው ወጣሁና ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ። ያ እርከን ታየኝ፤ ያ ጭቃ ታየኝ። አባቴን የምይዝበት ነገር በዓለም ላይ አንዲት ጠማማ ዛፍ ብቻ ሆና፣ እሷም ከእጄ እየሄደች ነበር። አንድ ባዮሎጂ የተማረች ሴት አንዲት ወይራ ማዳን እንዴት ያቅታታል ብዬ በራሴ ተናደድኩ።

ንዴቱ ጠቀመኝ። ተመልሼ ሸክላውን ከፍ አድርጌ አዘነበልኩት። ከታች አንድም ጠብታ አልወረደም። በአፍንጫዬ ጠጋ ብል የረግረግ ሽታ መታኝ። ገለበጥኩትና አየሁ። ሁለቱም ቀዳዳዎች በእበትና በአመድ ቡኮ፣ በጥሩ ባለሙያ እጅ፣ ልስልስ ብለው ተደፍነዋል።

«ማነው ይህን የደፈነው?» ብዬ ስጮህ በቅሎዋ እንኳ ጆሮዋን ቀጥ አደረገች።

አከራዬ ከማድ ቤት ብቅ አለች፤ ሊጥ በእጇ ነው። ፊቷ ፈካ ብሎ ነበር። «እኔ ነኛ! ሲያንጠባጥብ አይቼ አላስቻለኝም። አንቺ ደግሞ ያኔ ነጋ ጠባ ሥራ ላይ ነበርሽ፤ ማን ይድፈንልሽ? አትጨነቂ፤ ወላሂ እስከ ዛሬ አላፈሰሰም!»

ልናገር የፈለግሁትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ከተናገርኩት ውስጥ ቤት እንደምለቅ ይገኝበታል። የአከራዬ ፊት እየጠቆረ ሄደ፤ ሊጧም ከእጇ ላይ ደረቀ። በመሃል ግን አንድ ድምፅ ሰማን። አባቴ ኮርቻውን አቅፈው ይስቃሉ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሲስቁ አልሰማሁም ነበር። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ «አጃኢብ! አንዷ በልመና ታስበሳለች፣ አንዷ በነጻ ትደፍናለች!» አሉ። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞረው «ሶብር አድርጊ ልጄ። የሚያፈስ ዕቃ አይታ ዝም የምትል ጎረቤት ብትሆን ይሻልሽ ነበር?» አሉኝ። ሄጄ መቀስ አመጣሁ።

ሦስታችንም ሥራ ጀመርን። ወይራዋን አውጥተን የበሰበሰውን ሥር በመቀስ አስወገድን፤ ሸክላውን አጥበን፣ ቀዳዳዎቹን በአከራዬ ወስፌ ከፍተን፣ በአዲስ አፈር መለስናት። ደፋኟ ራሷ ስትከፍት ሳታስበው ወስፌውን እያዞረች ከበፊቱ አሰፋቻቸው። እኔ ቅርንጫፎቿን ቆረጥኩ። አባቴ በየሶላቱ ዱዓ አደረጉ። አከራዬ ለማርያም ጧፍ ተሳለች። ከሦስታችን የማናችን እንደሠራ እስከ ዛሬ እንከራከራለን፤ አከራዬ ግን «ሥሯ ላይ የቀረው እበት ነው» ትላለች።

ጳጉሜን ላይ አባቴ ጠሩኝ። ዓይናቸው ደከም ስላለ ወይራዋን በየዕለቱ በጣታቸው ነበር የሚጎበኟት። አውራ ጣቴን ይዘው ከግንዷ ጎን አንድ ቦታ ላይ አሳረፉት። የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ለስላሳ ነገር። ተጎንብሼ አየሁ፤ ቡቃያ ነው፣ ከጀርባው ብርማ።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ፤ ከአፌ መስማት ፈልገው።

«ጸድቃለች አባ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። በሚቀጥለው ገበያ ከከላላ የመጡ ሰዎችን አፈላልገው በቅሎዋን ሰጥተው ሰደዱ። ኮርቻውንም አብረው። በቅሎዋ ከግቢው ስትወጣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ በቅሎ ስትሄድ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ጥሩ ዓመታት ነበሩ። አባቴ መስጊድ አገኙ፣ ወዳጅ አገኙ፣ የሚያስታርቁት ጠብም በበቂ ሁኔታ አገኙ። ወይራዋን በድንጋዩ ላይ ማስቀመጡን ግን አልወደዱትም፤ በጋ ድንጋዩ ያቃጥላታል ብለው ወደ አፈሩ፣ ከግድግዳው ጥግ አወረዷት። ውዱእ የሚያደርጉት እዚያው አጠገቧ ነው። በቀን አምስት ጊዜ ከመታጠቢያ ጀበናቸው የሚወርደው ውሃ ከእጃቸውና ከእግራቸው አልፎ ወደ እሷ ይፈስሳል። «ውሃ ለምን ይባክናል» ይላሉ። እኔም ጥሩ ሐሳብ ነው አልኩ።

ሸክላው ማንም ሳያስበው አረጀ። ቀዩ ቡናማ ሆነ፤ ከወደ ግድግዳው አረንጓዴ ሽበት አወጣ፤ ከከንፈሩ ሥር የውሃው ጨው ነጭ መስመር አሰመረበት። የቀን መቁጠሪያው ሸክላዎች ፊት ቢቆም አያፍርም። እኔም ቅርንጫፎቿን ከሞተ ራዲዮ ባወጣሁት የመዳብ ሽቦ እያጠማዘዝኩ፣ ጫፍ ጫፏን እየቆነጠርኩ ራሴን እንደ ትልቅ ባለሙያ ማየት ጀመርኩ። መምህራን እየመጡ ያዩልኛል። ቡቃያዋ እየጠነከረ ቅጠሏም እየሰፋ ሄደ፤ በየሳምንቱ እቆርጣለሁ፣ በየሳምንቱ ትመልሳለች። ምን ያህል ጥሩ አትክልተኛ ብሆን ነው እያልኩ እደነቅ ነበር።

ችግኝ ትከሉ በሚባልበት በዚያ ዘመን አንድ የቀበሌ ሠራተኛ በየቤቱ እየዞረ የተተከለውን ሲያይ ግቢያችን ገባ። ወይራዋን በእስክሪብቶው ጠቆም አድርጎ «ይህ ችግኝ የመቼ ነው?» አለ።

አባቴ ከመስገጃቸው ቀና አሉ። «ችግኝ አይደለችም ልጄ። ካንተ አያት ትበልጣለች። ይልቅ ተነስተህ ሰላም በላት።»

ሰውየው ሳቀ፤ አባቴ አልሳቁም፤ ሰውየውም ሰላም ብሏት ሄደ።

ለደሴ ዝውውር በየዓመቱ አመለክት ነበር። ደሴ ለአባቴ ጉልበት ሐኪም ቤት አለ፤ ለእኔም እህትና የቀድሞ ጓደኞች አሉ። መንገዱ አስፋልት ነው፤ መብራቱ ቶሎ ቶሎ አይጠፋም። ደሴ ስል አፌ ውስጥ ይጣፍጠኝ ነበር። በመጨረሻ ተፈቀደልኝ። ዜናውን ይዤ እየሮጥኩ ስገባ አባቴ ወይራዋን አዩና «ኢንሻአላህ፤ አንቺ ካለሽበት እኔም አለሁ» አሉ። በደስታዬ የት እንዳዩ አላስተዋልኩም።

የምንሄድበት ጧት አይሱዙ መጣ። አልጋው ተጫነ፣ ሳጥኑ ተጫነ፣ መጽሐፎቼ ተጫኑ። አከራዬ እያለቀሰች ለመንገድ የሚሆን ዳቦ ታስራለች። ወይራዋን መጨረሻ ላይ ተውናት፤ አባቴ ጭናቸው ላይ አድርገው ከሾፌሩ ጎን ሊቀመጡ ነው። እጅጌዬን ሰብስቤ ሸክላውን በሁለት ጆሮው ያዝኩና ሳብ አደረግሁ።

አልተነሳም።

ጭቃው ይዞት ነው ብዬ ነቅነቅ አደረግሁት። አልተነቃነቀም። አከራዬን ጠራሁ፤ እሷ ከአንድ ወገን እኔ ከሌላው ሆነን ስንጎትት አንደኛው የሸክላ ጆሮ በእጄ ላይ ቀረ። ተንበርክኬ ጉንጬን አፈር አስነክቼ በእግሮቹ መሃል አየሁ። ከሁለቱም ቀዳዳዎች፣ እንደ አውራ ጣት የወፈረ ሥር ወጥቶ ቀጥ ብሎ መሬት ገብቷል። የውዱእ ውሃውን ተከትሎ፤ ለዓመታት። እኔ ከላይ በመቀስ ሳሳጥራት እሷ ከታች መካነ ሰላምን ስትይዝ ኖራለች።

ቀና ስል አባቴ በድንጋዩ ላይ፣ ወይራዋ ድሮ በነበረችበት ቦታ፣ ተቀምጠዋል። አልደነገጡም።

«አባ፣ ያውቁ ነበር?»

«አምና ላዞራት ስል አልዞርም አለችኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? አንቺ ደሴ ደሴ ትያለሽ። ቀዳዳውን ደግሞ ያስበሳሽው ራስሽ ነሽ።» ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ መታ አደረጉ። «ከጸደቀች እቀመጣለሁ ብዬሽ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ትጽደቅልሽ?»

ከዚያ ግን ድምፃቸው ለሰለሰ። «አብሽሪ ልጄ፣ ቢላ አምጪና ቁረጫት። ብትተርፍ ይዘናት እንሄዳለን። እኔስ አንዴ ተነቅዬ የለም? ሁለተኛው አይከብድም።»

ቢላውን አከራዬ አመጣችልኝ። እንደገና ተንበርክኬ ስለቱን ሥሩ ላይ አሳረፍኩት። ሾፌሩ ከውጭ ጥሩምባ ይነፋል። ያቺ ሸክላ ሠሪ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የጠየቀችኝ፣ ያ እበት፣ ያ ሞራ የተቀባ ኮርቻ አንድ ላይ መጡብኝ። ይህን ሥር ለማግኘት ነበር ያን ሁሉ የተማጸንኩት። ቢላውን አፈር ላይ ጣልኩና ወጥቼ ሾፌሩን ዕቃውን አውርድ አልኩት። አእምሮዬን የሳትኩ መስሎት አከራዬን ጠየቃት፤ እሷ ግን አልጋውን ማውረድ ጀምራ ነበር።

ሸክላው ቀስ በቀስ ከውስጥ ተሰነጠቀ፤ ስብርባሪው ዛሬም በግንዷ ዙሪያ አፈር ውስጥ አለ። ክዳኑ ግን ደህና ነው፤ ዶሮዎች ይጠጡበታል። መቁረጡን ተውኩ፣ ሽቦውንም ፈታሁላት፤ ወይራዋ በዚያ ዕድሜዋ ቁመት ጀመረች። ደሴን እስከ ዛሬ የማውቃት በእንግድነት ነው። አባቴ ከማረፋቸው በፊት በነበረው በጋ መስገጃቸውን ከግድግዳው ጥግ አንስተው ከሥሯ አነጠፉት፤ ጥላዋ ለአንድ ሽማግሌ በቅቶ ነበር።